መሀል ጨዋታ ላይ የሚጠፋው ኮምፒውተር እና የቤታችን ምጣድ

ጌም በመጫወት ላይ ሳለ የሚቆም ኮምፒውተር የሚቆምበት መንገድ ብዙ ነው፤ ጥገናውም መጀመር ያለበት ዕቃ በመቀየር ሳይሆን አቋቋሙን በመለየት ነው። ጌሙ ብቻ ተዘግቶ ወደ ዴስክቶፕ የሚመልስበት ጊዜ አለ፤ ስክሪኑ ጠቁሮ ድምፁ የሚቀጥልበት ጊዜ አለ፤ ምስሉ ባለበት ደርቆ ድምፁ አንዲት ቁራጭ ቃና እየደጋገመ የሚንጫረርበት ጊዜ አለ፤ ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ የስህተት ስም የሚጽፍበት ጊዜ አለ፤ ምንም ሳይናገር ድንገት ጠፍቶ በራሱ የሚነሳበት ጊዜም አለ። ወደ ጥገና ቤት ሲኬድ ግን እነዚህ ሁሉ «ይጠፋብኛል» በሚል አንድ አቤቱታ ተጠቅልለው ይቀርባሉ፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ «ዊንዶውሱ ይጫን» ወይ «ፓወር ሰፕላዩ (የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ የሚያቀርበው ዕቃ) ሄዷል»።

አዲስ አበባ በሚገኘው ቤታችን ታናሽ ወንድሜና እኔ የምንጋራው ኮምፒውተር ለረጅም ጊዜ ያስቸገረን ከላይ ከዘረዘርኳቸው በመጨረሻዎቹ ሁለት መንገዶች ነበር። አንዳንዴ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ያለ ምንም ምልክት ይጠፋል። ነገሩን ያከበደው ጥፋቱ አንድ አለመሆኑ ነው። ሁለት የማይገናኙ ችግሮች በአንድ ማሽን ላይ ሲደራረቡ፣ አንዱን በትክክል ያስተካከለ ሰው ኮምፒውተሩ በሌላው ምክንያት እንደገና ሲወድቅ ያያል፤ ከዚያም ትክክለኛውን እርምጃ «አልሠራም» ብሎ ይሽረውና ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። በየኢንተርኔት መድረኩ «ሁሉንም ሞክሬአለሁ፣ ምንም አልረዳኝም» የሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ በዚህ ወጥመድ ውስጥ ያሉ ይመስለኛል። ለዚህ ያገኘሁት መድኃኒት ተራ ደብተር ነው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተከፈተውን ጌም እና የአወዳደቁን ዓይነት መጻፍ፣ አንድ ነገር ሲቀየርም እሱን ብቻ ቀይሮ መመዝገብ።

ከደብተሩ ቀጥሎ የሚነበበው ዊንዶውስ ራሱ የጻፈው መዝገብ ነው። ኢቨንት ቪወር የሚባለው ፕሮግራም ተከፍቶ «ሲስተም» የሚለው ክፍል ሲታይ ከርነል ፓወር 41 የሚል በቀይ ምልክት የተለየ መስመር ይገኛል፤ ብዙ ሰው ይህን እንዳየ ፓወር ሰፕላይ ለመግዛት ይነሳል። መዝገቡ የሚናገረው ግን ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደገና መነሳቱን ብቻ ነው፤ የሚጻፈውም ከውድቀቱ በኋላ ዊንዶውስ ተመልሶ ሲነሳ ነው። የሚጠቅመው ነገር ያለው በዝርዝሩ ውስጥ ነው። በግቼክ ኮድ የሚለው ቦታ ከዜሮ የተለየ ቁጥር ከያዘ ዊንዶውስ ስህተቱን አይቶ ራሱን ለማቆም ጊዜ አግኝቷል ማለት ነው፤ ማንም ስክሪኑን ባያየውም የመጣው ሰማያዊ ስክሪን ነው። የማብሪያ ቁልፉ የተነካበት ሰዓት ተመዝግቦ ከተገኘ አንድ ሰው ቁልፉን ተጭኖ ይዞ አጥፍቶታል። ሁሉም ቦታዎች ዜሮ ከሆኑ ግን ዊንዶውስ ምንም ሳያይ ወድቋል፤ ወይ ኤሌክትሪኩ ተቋርጦበታል፣ ወይም አንዲት መስመር እንኳ መጻፍ እስከማይችል ድረስ ደርቋል።

እዚህ ላይ አስቀድሞ መስተካከል ያለበት ነገር አለ። ዊንዶውስ ከስህተት በኋላ ወዲያው በራሱ እንዲነሳ ሆኖ ስለሚመጣ፣ ሰማያዊው ስክሪን ዓይን ሳይዘው ሊያልፍና ተጠቃሚው «ዝም ብሎ ጠፋ» ሊል ይችላል። በሲስተም ፕሮፐርቲስ ውስጥ፣ አድቫንስድ በሚለው ገጽ፣ ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ ከሚለው ክፍል በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውን ምልክት ማንሳት ይህን ግራ መጋባት ያስወግዳል። በዊንዶውስ 11 ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2025 አጋማሽ ወዲህ ሰማያዊው ስክሪን በጥቁር ስለተተካ፣ ጽሑፍ ያለበት ጥቁር ስክሪንና ጽሑፍ የሌለበት ጥቁር ስክሪን ለየብቻ መመዝገብ አለባቸው፤ የመጀመሪያው የዊንዶውስ ንግግር ነው፣ ሁለተኛው ዝምታ ነው። ዊንዶውስ ሲናገር በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሚኒደምፕ በሚባለው ቦታ ትንሽ ፋይል ትቶ ያልፋል፤ ይህን ፋይል ማይክሮሶፍት በነፃ በሚሰጠው ዊንዲቢጂ ከፍቶ የስህተቱን ስምና የተጠረጠረውን ድራይቨር (ዊንዶውስን ከአንድ ዕቃ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ማየት ይቻላል።

የእኛን መዝገብ በዚህ መንገድ ስንለየው ሁለት ክምር ሆነ። በአንደኛው ክምር ያሉት ኮድ ያላቸው ናቸው፤ ነገር ግን ኮዱ በየጊዜው ይለያያል፤ አንድ ጊዜ ሜሞሪ ማኔጅመንት፣ ሌላ ጊዜ አይአርኪውኤል ኖት ሌስ ኦር ኢኳል፣ ሌላ ጊዜ ፔጅ ፎልት ኢን ኖንፔጅድ ኤሪያ፤ የሚጠረጠረው ፋይልም እንዲሁ አይጸናም። እነዚህ በጌም ጊዜ ብቻ ሳይሆን ብሮውዘር ብቻ ተከፍቶ ሳለም የመጡ ነበሩ። በሁለተኛው ክምር ያሉት ሁሉም ዜሮ ናቸው፤ የመጡትም ግራፊክስ ካርዱን (የስክሪኑን ምስል የሚሠራውን ዕቃ) የሚያደክም ጌም ሲከፈት ብቻ፣ አብዛኛውም ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ክምር ቀላሉ ነበር። የስህተቱ ስምም የተጠረጠረው ፋይልም በየጊዜው ሲለዋወጥ፣ ጥፋቱ ከሶፍትዌሩ ይልቅ ሶፍትዌሩ ሁሉ ሲሠራ የሚቀመጥበት ራም ላይ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ አንድ ድራይቨር ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሙ ደጋግሞ ይመጣ ነበር። በማሽኑ ላይ ያሉት ራሞች ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር4 ሲሆኑ፣ በላያቸው የተጻፈው ፍጥነት አንድ ዓይነት ቢሆንም የተገዙት በተለያየ ጊዜ ነው። 3600 ተብሎ የተጻፈበት ዲዲአር4 ራም ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ላይ እንደገባ በ3600 አይሠራም፤ መጀመሪያ በዝቅተኛ መደበኛ ፍጥነትና በ1.2 ቮልት ይነሳል፤ የተጻፈበት ፍጥነት የሚገኘው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ ኤክስኤምፒ የሚባለውን ማስተካከያ በማብራት፣ ቮልቴጁም ብዙ ጊዜ ወደ 1.35 ከፍ ሲል ነው። በአዲሶቹ የኤኤምዲ ማሽኖች የዲዲአር5 ማስተካከያ ኤክስፖ ይባላል። አምራቹ ለዚህ ፍጥነት ዋስትና የሚሰጠው በአንድ ጥቅል ውስጥ አብረው ተፈትነው ለተሸጡ ራሞች ነው፤ ለየብቻ የተገዙ ሁለት ራሞች እያንዳንዳቸው ደህና ሆነው አብረው ሲገቡ ላይስማሙ ይችላሉ።

ምርመራው ሜምቴስት86 የሚባለውን ፕሮግራም በፍላሽ ላይ ጭኖ፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ ከፍላሹ በማስነሳት ይካሄዳል። ነፃው ቅጂ አራት ዙር ይፈትሻል፤ ሰዓታት ይፈጃል፤ ሌሊቱን ትቶ መተኛት ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የራም መመርመሪያ ስህተት ካገኘ እቀበለዋለሁ፣ «ችግር የለም» ሲል ግን አላምነውም፤ ቶሎ የሚያልፍ ፍተሻ ነው። በሜምቴስት አንዲት ስህተት እንኳ ከተገኘች ብዙ ናት፤ «ከሚሊዮን አንድ ምን ያደርጋል» የሚባልበት ነገር አይደለም። በእኛ ማሽን ሁለቱ ራሞች በኤክስኤምፒ አብረው ሲሠሩ ስህተት ወጣ፤ ያለ ኤክስኤምፒ ምንም አልወጣም፤ አንድ አንዳቸው ለየብቻ በኤክስኤምፒ ሲፈተኑም ምንም አልወጣም። ስለዚህ የተበላሸ ራም አልነበረም፤ አብረው ያልቻሉት ፍጥነት ነበር። ፍጥነቱን በእጅ ወደ 3200 ዝቅ አድርገን ፈትነነው አለፈ፤ በጌሞቹ ላይም በዓይን የሚታይ ልዩነት አላመጣም። ከዚያ ወዲህ ኮድ ያለው ውድቀት ቆመ፤ ዜሮዎቹ ግን እንደነበሩ ቀጠሉ።

ወንድሜ በዚያው ሳምንት ማሽኑ በዝምታ ሲጠፋበት «ራሙ አልነበረም ማለት ነው» ብሎ ኤክስኤምፒውን ሊመልሰው ነበር። ደብተሩ የጠቀመን በዚህ ቦታ ነው፤ የቆመው የትኛው ክምር እንደሆነ፣ ያልቆመውም የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ስለነበረ ክርክሩ አጭር ሆነ።

የስህተቱ መልእክት የሚጠራውን ዕቃ ወዲያው መወንጀል ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ከእኛ ማሽን ወጥቶ በብዙ አገር የታወቀ አንድ ጉዳይ ማንሳት ይበቃል። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ከፍተኛ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮችን የገዙ ተጫዋቾች፣ በተለይ አንሪል ኢንጅን በተባለው የጌም መሥሪያ የተሠሩ ጌሞችን ሲከፍቱ፣ የቪዲዮ ሜሞሪ አልቋል የሚል መልእክት ይመጣባቸው ነበር። መልእክቱ ግራፊክስ ካርዱን ስለሚጠቅስ ብዙዎች በድራይቨርና በካርድ ላይ ደከሙ፤ ሰፊ ሜሞሪ ያለው ውድ ካርድ የያዙ ሰዎችም ይኸው መልእክት ይመጣባቸው ስለነበር ግን ነገሩ ትርጉም አልነበረውም። እውነቱ ጌሙ ሲነሳ ሼደሮችን (ግራፊክስ ካርዱ ምስል የሚሠራባቸውን ትንንሽ ፕሮግራሞች) የሚያዘጋጀውና የታመቀ ዳታን የሚፈታው ፕሮሰሰሩ መሆኑና፣ እሱ ሲሳሳት ስህተቱ በሌላ ስም መውጣቱ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ችግሩ በማይክሮኮድ (ፕሮሰሰሩ በውስጡ በሚሠራበት መመሪያ) ስህተት ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እንዲጠይቅ በመደረጉ የመጣ መሆኑን ገለጸ፤ በነሐሴ ማስተካከያውን በባዮስ በኩል ማድረስ ጀመረ፤ የዋስትናውንም ጊዜ በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ገና ያልተጎዳውን ይጠብቃል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። እነዚህን ፕሮሰሰሮች በእጁ የያዘ ሰው፣ በተለይ ያገለገለ ዕቃ የገዛ፣ ከሁሉ በፊት ባዮሱን ማደስ አለበት። ባዮስ ሲታደስ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ስለሚችል ሥራውን በዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ሆኖ ማከናወን ይበጃል።

ግራፊክስ ካርዱን በተመለከተ ብዙ አልቆይም። ዊንዶውስ ካርዱ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልመለሰለት ድራይቨሩን ራሱ ያጠፋውና እንደገና ያስነሳዋል፤ ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ ይመለሳል፣ በመዝገቡም ላይ 4101 የሚል ቁጥር ይጻፋል፣ ካልተሳካለትም ቪዲዮ ቲዲአር ፌይለር የሚል ስክሪን ያመጣል። እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው ዲዲዩ በሚባለው ፕሮግራም የድሮውን ድራይቨር ከሥሩ ነቅሎ አዲስ መጫኑ ተገቢ ነው። በእኛ መዝገብ ላይ ከነዚህ አንዱም አልነበረም። ምንም ምልክት ሳይኖር ድራይቨር እየነቀሉ መጫን፣ ዊንዶውስን ደጋግሞ መጫን፣ የሲስተም ፋይሎችን የሚያድሱ ትእዛዞችን መጻፍ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው፤ ድካሙ ይታያል፣ ችግሩ ባለበት ይቆያል።

ሙቀትም ቶሎ ከሚወነጀሉት አንዱ ነው፤ በኔ ግምት ከሚገባው በላይ ይወነጀላል። የዛሬ ፕሮሰሰሮች እንደየዓይነታቸው 95 ወይም 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ፍጥነታቸውን መቀነስ ነው፤ ግራፊክስ ካርዶችም እንዲሁ። ስለዚህ የሙቀት ችግር ያለበት ማሽን ከመጥፋቱ በፊት መንቀርፈፍና መንተባተብ ያሳያል። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም የሙቀቱን ልክ በየሁለት ሰከንዱ ወደ ፋይል ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩ ከወደቀ በኋላ የፋይሉን የመጨረሻ መስመር ማየት ነው። በእኛ ፋይል ላይ ሁለቱም ከ80 ዲግሪ በታች ነበሩ፣ ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ። ይሁንና አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ውጭ አገር የተለካን የሙቀት ቁጥር አይቶ «የኔ ለምን በዛ» ብሎ የሚጨነቅ ሰው ይህን ማስታወስ አለበት። አቧራውን ማራገፍ ለማንኛውም ይጠቅማል፤ በሚነፋ ማሽን ሲጸዳ ግን ፋኖቹን በጣት ይዞ እንዳይሽከረከሩ ማድረግ ያስፈልጋል።

እንግዲህ የቀረው ኃይል ነው። እዚህም ቢሆን ግን «ፓወር ሰፕላዩ ሄዷል» ማለት ገና ምንም አለማለት ነው፤ ምክንያቱም ፓወር ሰፕላዩ የሚሰጠው ከግድግዳው ያገኘውን ነው። ሁለት ጥያቄዎች አሉ፦ ዕቃው የሚጠየቀውን ኃይል መስጠት አቅቶታል ወይስ የሚገባለት ኃይል ጎድሎበታል? የመጀመሪያው በእርግጥ የሚያጋጥም ነው። አዳዲስ ግራፊክስ ካርዶች በአማካይ ከተጻፈባቸው ዋት በላይ ለእጅግ አጭር ቅጽበት ዘለው ስለሚስቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የተባለው መስፈርት ፓወር ሰፕላዩ ከተጻፈበት አቅም እስከ ሁለት እጥፍ የሚደርስ ዝላይ ለ100 ማይክሮሰከንድ እንዲችል ጠይቋል። የእኛ ባለ 550 ዋት ነው፤ ሙሉው ኮምፒውተር በከባድ ጌም ጊዜ የሚስበው ግን ከ350 ዋት ብዙም አይርቅም፤ ቀኑን ሙሉ ስንፈትነውም ምንም አልሆነም። ይህ «ቀኑን ሙሉ» የሚለው ነገር ነው ወደ ሁለተኛው ጥያቄ የወሰደን። ዜሮዎቹ ቀን ብዙም አይመጡም፤ ምሽትም ሁሉ አይመጡም።

ደብተሩ ላይ ያሉትን ቀኖች ያየችው እናቴ ናት፤ አብዛኞቹ እንጀራ የሚጋገርባቸው ምሽቶች ናቸው አለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፒር ማለት ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ጭነት አይገኝም ማለት ይቻላል። ግጥጥሞሹ ፍጹም አልነበረም፤ ምጣዱ ሳይሰካም የጠፋበት ምሽት ነበር፤ ነገር ግን ጎረቤትም ይጋግራል።

በመልቲሜትር ሶኬቱ ላይ ሲለካ፣ ምሽት ላይ ምጣዱ ሳይሰካ 206 ቮልት፣ ምጣዱ ተሰክቶ 184 ቮልት ተገኘ። (በመልቲሜትር ሶኬት መለካትን ያልለመደ ሰው አይሞክረው፤ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቮልቴጁን በቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ ይበቃዋል።) ከዚያ በኋላ የፓወር ሰፕላዩን ጎን ማንበብ ብቻ ቀረ። ብዙ ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፤ ርካሽ ከሆኑት አንዳንዶቹ ግን የሚቀበሉት ከ200 እስከ 240 ብቻ ነው፤ የእኛም ላይ የተጻፈው ይኸው ነበር። ዕቃው አልተበላሸም፤ ከተሠራለት ወሰን በታች እንዲሠራ ተጠይቋል።

የውስጡ አሠራር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ኮምፒውተሩ 350 ዋት ሲፈልግ ፓወር ሰፕላዩ ያንን ማቅረብ አለበት፤ የሚገባው ቮልቴጅ ሲወርድ ያንኑ ዋት ለማግኘት ብዙ አምፒር ይስባል። አምፒሩ ዕቃው ከተወሰነለት ገደብ ሲደርስ ከዚያ በላይ መሳብ ስለማይችል ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅመው ዕቃ) መጉደል ይጀምራል፤ ካፓሲተሩ ደግሞ የሚያቆየው በአስር ሚሊሰከንዶች የሚቆጠር ጊዜ ብቻ ነው። ሲጎድል ፓወር ሰፕላዩ ለማዘርቦርዱ «ኃይሉ ደህና ነው» እያለ የሚልከውን ምልክት ያነሳል፤ ማዘርቦርዱም በዚያው ቅጽበት ሁሉን አቁሞ እንደገና ይነሳል። ዊንዶውስ መዝገብ የሚጽፍበት ጊዜ አያገኝም፣ ዜሮው ከዚህ ይመጣል። ዴስክቶፕ ላይ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የማይጠፋውም ከ80 ወይም ከ100 ዋት በላይ ስለማይጠይቅ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ግምት ስለሆነ ፈተና ያስፈልገው ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ እየቀየሩ። ምጣዱ ተነቅሎ ጌሙ በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ማሽኑ አይወድቅም። ምጣዱ ተሰክቶ፣ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የግራፊክስ ካርዱ የኃይል ጣሪያ ወደ 60 በመቶ ሲወርድም አይወድቅም። ምጣዱ ተሰክቶ ጣሪያው ወደ 100 ሲመለስ ብዙም ሳይቆይ ይወድቃል። ሊጥ በሌለበት ቀን ምጣዱ እንዲሞቅ ስንጠይቃት እናቴ «ለጌም ብላችሁ ባዶ ምጣድ ልታስጥዱኝ ነው እንዴ?» አለች፤ ውጤቱን ካየች በኋላ ግን ኤሌክትሪሽያን እንዲጠራ የገፋፋችው እሷው ናት፤ ለኮምፒውተሩ አዝና ሳይሆን ምጣዱም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቶሎ አልሞቅ ብሏት ስለነበር ነው። 184 ቮልት ላይ ያለ ምጣድ የሚሰጠው ሙቀት በ220 ቮልት ከሚሰጠው 70 በመቶ ያህል ብቻ መሆኑን አስበን፣ ይህን ቀድመን እንደ ምልክት ብንወስደው የሚያስኬድ ነበር።

የሰፈራችን ኤሌክትሪሽያን ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ የማከፋፈያውን ሳጥን ሲከፍት ኒውትራሉ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ) የታሰረበት ብሎን ላልቶ፣ የሽቦው ልባስም ጠቁሮ ተገኘ። የላላ ማሰሪያ ብዙ አምፒር ሲያልፍበት ራሱ ምድጃ ይሆናል፤ ቮልቴጅ ከመብላቱ በላይ ቤት ሊያቃጥል የሚችል ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩ ባይጠፋ ኖሮ ሳጥኑን የሚከፍት አልነበረም። የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጦ፣ ማያያዣውን ለውጦ አጥብቆ አሰረው፤ ምጣዱ ተሰክቶ ሲለካ 191 ሆነ። ከዚያ የቀረው ጉድለት ከቆጣሪው ወዲያ ያለ ስለሆነ በእኛ እጅ አይደለም፤ ቆጣሪውን መንካትም አይፈቀድም። 191 ደግሞ አሁንም ከ200 በታች ነው። ስለዚህ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ፓወር ሰፕላይ ተገዛ፤ በዋት ከበፊቱ ብዙም አይበልጥም። ምጣዱ እየጋገረ ጌሙ ይሄዳል።

ከመግዛታችን በፊት ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ይሻል እንደሆነ አስበን ነበር፤ ብዙ ሰው የሚመክረውም እሱን ነው። ስታቢላይዘሩ በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚንቀሳቀስ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚሠራ ከሆነ ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ቀጭ እያለ መስመር በመቀየር ነው፤ በየቅያሬው መሀል ለሚሊሰከንዶች ክፍተት አለ፤ ደህና ፓወር ሰፕላይ ይህን ክፍተት ይሻገረዋል፣ ቀድሞውኑ ካፓሲተሩ ለጎደለበት ግን ይህችው ክፍተት ልትጥለው ትችላለች። ዩፒኤስን በተመለከተ በትልቁ የሚጻፈው ቪኤ እንጂ ዋት አይደለም፤ 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ የሚችለው ብዙ ጊዜ 360 ወይም 390 ዋት ነው፣ ጌም ለሚጫወት ማሽን ከሞኒተሩ ጋር ጣሪያው ነው። በተጨማሪ ርካሾቹ መብራት ሲሄድ የሚያወጡት ሞገድ በደረጃ የተቆራረጠ ነው፤ አክቲቭ ፒኤፍሲ (ከመስመሩ የሚሳበውን አምፒር የሚያስተካክል ክፍል) ያላቸው ፓወር ሰፕላዮች አንዳንዶቹ ይህን ሞገድ አይቀበሉትም፤ በዚህ ምክንያት ልክ ዩፒኤሱ ሊያድን በሚገባው ቅጽበት ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ዩፒኤስ የሚገዛ ሰው ንጹሕ ሳይን ዌቭ የሚያወጣ መሆኑንና ዋቱን ጠይቆ ይግዛ። ዲቫይደርም ቢሆን ቀጭን ሽቦ ያለውን ለኮምፒውተርና ለውኃ ማፍያ አንድ ላይ መጠቀም ያንኑ የቮልቴጅ ጉድለት በትንሹ መድገም ነው።

አሮጌው ፓወር ሰፕላይ አልተጣለም። አጎቴ ሱቁ ውስጥ ሒሳብ ለሚይዝበት፣ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ኮምፒውተር ሰጠነው። እዚያ ሰፈርም ቮልቴጁ ምሽት ላይ ይወርዳል፤ ማሽኑ ግን ከ80 ዋት በላይ ስለማይስብ አምፒሩ ከገደቡ አይደርስም፣ እስካሁንም አልጠፋበትም። ወንድሜ ደግሞ አሁን የሚያማርረው በአንድ ጌም ብቻ ነው፤ ከመጨረሻው ማሻሻያ ወዲህ ወደ ዴስክቶፕ ይመልሰዋል፣ ሌሎቹ ጌሞች ደህና ናቸው፣ በኢቨንት ቪወርም የሚጻፈው በ«አፕሊኬሽን» ሥር የጌሙ ስም ብቻ ነው፤ ይህኛው የጌሙ ሠሪዎች ጉዳይ ስለሆነ ማስተካከያ እስኪያወጡ እየጠበቀ ነው።